ደላላው ልጆቹን የሹሙን ቤት ያሳየ ዕለት

የእህቴ ባል የቤት ደላላ ነው። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ሐሜቱ ወደ በኋላ ይመጣል። የሰፈር ሰው «ቁልፌ» ይለዋል። ሁለቱም የሱሪ ኪሶቹ በሰው ቤት ቁልፍ ስለሚሞሉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። በከተማችን ጣራ ሥር ከሚያድረው ሰው ግማሹን እዚያ ጣራ ሥር ያስገባው እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ሁሉንም ነው።

እንደ ሙያው አፈ ቅቤ ነው፤ ልበ ጩቤ ግን አይደለም፣ ይህን እግዜርም እኔም እናውቃለን። እሱ አፍ ውስጥ ጠባብ ቤት የለም፤ «ሙቀት ያለው» ቤት ነው ያለው። ፀሐይ ዝር የማትልበት ክፍል «ለእንቅልፍ የታደለ» ነው። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ «አየር እንደ ልብ» ይላል። አንድ ጊዜ መስኮት የሌለውን ክፍል «ከጎረቤት ዓይን የተጠበቀ» ብሎ ሲያከራይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተከራይዋም አመስግናው ነው የገባችው።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የገዛ ቤተሰቡን የሚያስገባው ግን ደንበኛ አይቶ አፍንጫውን ይዞ የወጣበት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ጥሩ ቤት ሲያገኝ ለደንበኛ ይሮጣል፤ መጥፎውን ሰው እምቢ ሲለው ወደ ቤቱ ይዞት ይመጣል። ሙሽሮች ሆነው የገቡበት ወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር። እህቴ ያለዕድሜዬ ሸበትኩ ብላ ስትጨነቅ ከርማ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የሙዚቃ ባንድ ከሚለማመድበት አዳራሽ በላይ ገቡ፤ ትልቋ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው በከበሮ ምት ነው። ሦስተኛው ቤት ኮሪደር የሚመስል ነበር፤ ሁለት ሰው ለመተላለፍ ስብሰባ መጥራት ነበረበት። አራተኛው ጣራው ውስጥ ንብ ሰፍሮበት ነበር። ቁልፌ ይህንንም «ማር አፍንጫችሁ ሥር» ብሎ ሊሸጥልን ሞክሯል፣ ከንፈሩ አብጦ።

ከንቡ ቤት የለቀቁ ዕለት እህቴ የጭነት መኪናው ላይ ቆማ፣ ፍራሽ ተደግፋ ማለች።

«ስማኝ፣» አለችው፣ «ከእንግዲህ አንዴ ዕቃ ጫኚ ብትለኝ፣ የምጭነው ወደ እናቴ ቤት ነው። ልጆቹንም ጨምሬ።»

እህቴ ዝም ብላ የምትምል ሰው አይደለችም። ልጅ ሳለን በስኳር ጉዳይ ከእናታችን ጋር ተጣልታ «ሁለተኛ በስኳር ከጠጣሁ» እንዳለች ይኸው እስከ ዛሬ ሻይ በመራራው ትጠጣለች። ቁልፌ ይህን ያውቃል። ስለዚህ አምስተኛው ቤት ላይ ሁላችንም በልባችን ጸልየናል።

አምስተኛው ቤት ፎቅ ነው፤ አከራያቸው ከሥር ትኖራለች። ሴትዮዋ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ የምትጠብቅ ይመስለኛል። ከላይ አንድ ልጅ አንድ እርምጃ ሲራመድ ከታች ኮርኒሱን ቋ! ማንኪያ ሲወድቅ ቋ! ቋ! እህቴ በየደቂቃው «ዝም በሉ» ከማለት ብዛት ቃሉ አፏ ላይ ቀርቶ እኔንም ገና በሩን ሳንኳኳ «ዝም በሉ» ትለኛለች። ልጆቹ በጣታቸው መራመድ ለመዱ። ሦስት ናቸው። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ካልመራሁ ስለምትል «ሊቀመንበር» እንላታለን። መካከለኛው አምስት ዓመቱ ነው፤ ኳሱን አቅፎ ስለሚተኛ «ኳሱ» ነው ስሙ። ትንሿ «ሚጢጢ» ገና ጡት አልጣለችም።

ቁልፌ ልጆቹን ያሠለጠናቸው ሥልጠና አለ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። አከራይ ከእሳትም ከጎርፍም ይልቅ የሚፈራው ልጅ ነው። «ልጆች አሏችሁ?» ብሎ ይጠይቅና «አሉን» ካላችሁት ቤቱ በድንገት ለወንድሙ ተይዟል። ስለዚህ ቁልፌ ቤት ሲታይ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፤ አከራይ አይቷቸው እንዲወዳቸው። የዚያን ቀን ጠዋት በገዛ እጁ ጫማቸውን ይቀባል። ሌላ ጊዜ ጫማቸው የጫማ መልክ የለውም። ከዚያ እጅ ወደ ኋላ፣ ግድግዳ አይነካም፣ አይሮጥም፣ ሲጠየቁ «አቤት ጌታዬ» ይባላል። ሽንት ቤት የት ነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ አከራዩ ወዲያው ስለ ውሃ ማሰብ ይጀምራል። የዚህ ዓይነት ተግሣጽ ወታደር ቤትም ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓርብ ቁልፌ እኔ ወደምሠራበት ዳቦ ቤት መጣ። ኪሱን በእጁ ጨብጦ ስለነበር ቁልፎቹ አልጮሁም፤ ያኔውኑ ነገር እንዳለ ገባኝ። አከራያቸው ጠዋት በር ላይ ይዛው «ልጆቻችሁ ጭንቅላቴ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ» ብላዋለች።

«ለእቴቴ ነገርካት?»

«እሁድ እነግራታለሁ» አለ። «መጀመሪያ ላዝናናት።»

«አዝናንቶ መርዶ የሚያረዳ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ ጋሼ?»

«ልጅ መርፌ ሲወጋ ከረሜላ ይሰጠው የለ?»

«ከረሜላው እኮ ከመርፌው በኋላ ነው የሚሰጠው!»

«አንቺ ዳቦሽን ሽጪ» አለኝ። እኔም ምላሴን ነከስኩ። ባልና ሚስት መካከል የገባች እህት በመጨረሻ ከሁለቱም ትጣላለች።

ሊያዝናናት የመረጠው ቦታ ኮረብታው ላይ ያለው የጥንቱ ሹም ቤት ነበር። ሹሙ ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ ቤቱ አሁን ሰው እየገባ ይጎበኘዋል። ደላላ ሲዝናናም ቤት ነው የሚያየው፤ ዓሣ አጥማጅ ዕረፍቱን ውሃ ዳር እንደሚያሳልፈው መሆኑ ነው።

እሁድ ጠዋት ስደርስ እህቴ ቀዩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በቅርጫት እየሞላች ታንጎራጉር ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ኮርኒሱ እንዳይመታ። ቁልፌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የልጆቹን ጫማ ይቀባል። እኔ ምን ታየኝ? ልጆቹን ወግ ባለው ቦታ ሊያወጣቸው አምሮት ነው አልኩ። ልጆቹ ግን ጫማውን ባዩ ጊዜ ጸጥ ብለው ነበር። ኳሱ ባዶ እጁን ቆሟል።

«ኳስህስ?» አለችው እናቱ።

«አልፈልጋትም» አለ።

«ትልቅ ሰው ሆንክልኝ!» ብላ ሳመችው። ሊቀመንበር ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችውና ጆሮው ውስጥ ረጅም ነገር አንሾካሾከች። አውቶቡስ ውስጥም ሁለቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወደ ፊት ተክለው ሄዱ። የሌላ ሰው ልጅ ወንበር ላይ እየዘለለ ያብዳል፤ የኛዎቹ ለፎቶ የተቀመጡ ይመስላሉ።

የሹሙ ቤት ትልቅ ነው፤ ይህን ልክደው አልችልም። ከብረት በሩ እስከ ደረጃው ድረስ በጠጠር መንገድ ስትሄዱ ጫማችሁ ያረጃል። በረንዳው ላይ አስጎብኚው ቆሞ ተቀበለን፤ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ኮቱ እጅጌው ላይ ሳስቷል፣ የእግር ጣቱ ላይ እንዳትቆሙበት የሚፈራ ይመስል ይራመዳል። ወለሉ እንዳይጫር ብሎ ለሁላችንም ጫማ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ከረጢት አደለን። ልጆቹ የተቀባ ጫማቸው በከረጢት ሲሸፈን ደነገጡ። ሊቀመንበር አስጎብኚው መጀመሪያ በደንብ እንዲያይላት እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ አጠለቀች።

ግድግዳው ላይ የሹሙ ትልቅ ሥዕል ነበር። ጢሙ ብቻውን አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖር የሚችል ሰው ነው።

«ክቡርነታቸው በዚህ ወንበር ይቀመጡ ነበር» አለ አስጎብኚው። ቀጥሎ ባለው ክፍል «ክቡርነታቸው በዚህ መስኮት ቁልቁል ይመለከቱ ነበር» አለ። ከዚያ ክቡርነታቸው የሚያርፉበት፣ ክቡርነታቸው ካረፉ በኋላ ጋደም የሚሉበት። ሰውየው በዕድሜ ልኩ ከመቀመጥና ከማየት በቀር አንድ ሥራ የሠራ አይመስልም። ለኔ ብጤዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዳቦ ለምትሸጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ክብር አያሳድርባትም፤ እግሯን ነው የሚያማት።

ቁልፌ ግን ሊቆም አልቻለም። መጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ከዚያ የመስኮቱን ማጠፊያ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በዓይኑ ለካ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከአቅሙ በላይ ሆነበት።

«ለመሆኑ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች?» ብሎ አስጎብኚውን ጠየቀው።

ሽማግሌው ግራ ገባው። «ክቡርነታቸው ውሃ የሚያስቀዱት በሰው ነበር» አለ።

«ቆጣሪውስ የግል ነው የጋራ?»

እህቴ ክንዱን ቆነጠጠችውና ፊቷን ትከሻው ላይ ደብቃ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እሷ ስትስቅ ቁልፌ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ «እንዴት አድርጌ ልንገራት?» የሚል ነበር። አንጀቴን በላው፤ ግን የራሱ ጣጣ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ጢማሙ ሰውዬ አዞርኩ። ልጆቹም አባታቸው ስለ ውሃና ስለ ቆጣሪ ሲጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። በየቤቱ አከራይን የሚጠይቀው ይህንኑ ነዋ።

መኝታ ቤቱ ከሁሉም የመጨረሻው ነበር። አልጋው መሰላል የሚያስፈልገው ዓይነት ነው፤ ዙሪያውን በቀይ ገመድ ታጥሯል። አጠገቡ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጠርዟ ወርቅ የተቀባ አንዲት ድስት የምታህል ሸክላ ተቀምጣለች።

«ይህ ደግሞ፣» አለ አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ክቡርነታቸው ሌሊት የሚገለገሉበት ዕቃ ነው።»

ኳሱ ቀሚሴን ጎተተኝ። «ምንድነው አክስቴ?»

«ፖፖ ነው» አልኩት በጆሮው።

ዓይኑ ፈጠጠ። «ትልቅ ሰው ሆኖ?»

«ሹም ሆኖ» አልኩት።

ሊቀመንበር በክርኗ ጎኑን ወጋችው፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ አለ። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ኖሯል። ወደ እህቴ ዞረና «እመቤቴ፣ ይህን ቤት ማስጎብኘት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች አላየሁም» አላት። «ባለፈው ሳምንት የመጡት አንዱ ገመዱን ተሳፍሮ ፈረስ ሲጋልብ ነበር። ይህ ነው አስተዳደግ!» እህቴ እንደ ቀሚሷ ቀላች። ከኋላችን ቆመው የነበሩ አንድ ባልና ሚስትም እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ደስ ብሎት ወደ ልጆቹ ጎንበስ አለ።

«የምትጠይቁኝ ነገር አለ ልጆች?»

ሊቀመንበር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ከረጢት ያጠለቀ እግሯን ገጠመች።

«አቤት ጌታዬ» አለች። «እኛ ሦስት ነን፤ ግን ሦስታችንም ትንንሾች ነን። ግድግዳ ላይ አንጽፍም። ደረጃ ላይ አንሮጥም። በጣታችን ብቻ መራመድ እንችላለን፤ ከፈለጉ እናሳይዎታለን። እማዬ ውሃ አታባክንም። ወንድሜ ፍራሽ ላይ መሽናት ትቷል።»

«ትቻለሁ» አለ ኳሱ። «ኳሴንም ለጎረቤት ልጅ ሰጥቻታለሁ። ሁለተኛ አላነጥርም።» ከዚያ በጣቱ የሹሙን አልጋ አሳየ። «ይሄ ለሦስታችን ይበቃናል። ሌላ አያስፈልግም።»

አስጎብኚው ከት ብሎ ሳቀ። ባልና ሚስቱም ሳቁ። እውነት ለመናገር እኔም ከንፈሬ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በሳቁ ድንገት ክንዴ ላይ ተኝታ የነበረችው ሚጢጢ ባነነችና ጣራውን የሚያነሳ ለቅሶ ለቀቀች።

ሊቀመንበር በአንድ ዝላይ መጥታ በመዳፏ የሕፃኗን አፍ ግጥም አድርጋ ያዘች።

«ሚጢጢዬ ዝም በይ» አለቻት። «ዝም በይ፣ እሺ? አሁን እኮ ሊሰጡን ነው!»

ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፋ። እህቴ መጥታ የልጅቷን እጅ ከሕፃኗ አፍ ላይ በቀስታ አነሳችና ተንበረከከች።

«ማነው ቤት ልንለቅ ነው ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አባባ ጫማችንን ቀባልን።» እንባዋ መጣ። «ደግሞ ዓርብ ጠዋት አከራያችን ለአባባ ስትነግረው በሩ ጀርባ ነበርኩ። ልቀቁ አለችው። እኛ ስለምንጮህ ነው እማዬ። ያን ቀን እኔ ወንበሩን የጎተትኩ ጊዜ ነው። እኔ ነኝ።»

እህቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘቻት። በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ባሏን አየችው። ቁልፌ እንደዚያ ያለ ዓይን አይቶ አያውቅም፤ እኔም የማየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ አብሬያት አድጌ።

«ከዓርብ ጀምሮ?» አለችው።

«ዛሬ ልነግርሽ ነበር።»

«የት? ፖፖው ጋ?»

ቁልፌ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፎቹን ጨበጠ። ይህ ሰው መስኮት የሌለውን ክፍል ያከራየ ሰው ነው። እህቴ ሚጢጢን ከእጄ ወሰደች፣ ሁለቱን ልጆች በቀሚሷ አስያዘችና ወጣች። አስጎብኚው ምስኪን ተከትሎን እስከ በረንዳው መጣ። ከረጢቶቹን ሲቀበለን አንድ የሚያጽናና ነገር መናገር ፈልጎ ኖሮ «ክቡርነታቸውም እኮ በመጨረሻ ከዚህ ቤት ልቀቁ ተብለው ነው የወጡት» አለ። ማንንም አላጽናናም። ግን ለጢማሙ ሰውዬ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እህቴ ዳቦውን እየቆረሰች ለልጆቹ ታድላለች፤ ቁራሹ አንዳንዱ ጡጫ ያህላል፣ አንዳንዱ ጣት አያህልም። ቁልፌ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ እንዲቀመጥም እንዲሄድም አላዘዘችውም።

«ባለፈው ወር ያቺን ጓሮ ያላትን ቤት ለማን ሰጠሃት?» አለችው ቀና ሳትል።

«ለጥርስ ሐኪሙ።»

«ልጅ አለው?»

«የለውም። ድመት ነው ያለው።»

«ለድመት ጓሮ ሰጠህ» አለችው። «እኔ ልጆቼን አፋቸውን አፍኜ አሳደግኩ። ዛሬ ሰው ሲያመሰግናቸው እንዴት ኮርቼ እንደነበር ታውቃለህ? ያ ኩራት አሁን ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ?»

«ደንበኛን ማስቀደም…» ብሎ ጀመረና ራሱ ሰምቶ አፈረ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «ምንም የምለው የለኝም። አጥፍቻለሁ።»

በዚህ መሐል ኳሱ ዳቦውን እያኘከ አባቱን ሽቅብ አየው።

«አባባ፣ ወደዱን?»

ቁልፌ አንጋጦ ያን ድንጋይ ቤት፣ በረንዳውን፣ መስኮቶቹን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ።

«እነሱማ ወደውን ነበር» አለው። «እኛ ነን ያልወደድነው።»

«ለምን?»

«ይሄ ቤት ነው እንዴ? ወጥ ቤቱን አይተኸዋል? ከመኝታ ቤቱ አንድ ፌርማታ ይርቃል፤ ሻይህ እስኪደርስ በረዶ ሆኗል። ቧንቧ የለው፣ ቆጣሪ የለው። ደረጃው እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቋቋል። ደግሞ በየክፍሉ ገመድ! ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ወደ አልጋው በዝላይ ነው የሚገባው? ያ አሮጌ ሰውዬስ? ቁርስ ስትበላ ቆሞ 'ክቡርነታቸው ቁርስ ይበሉ ነበር' ሊልህ ነው።»

በሥራ ዘመኑ የቤት ነውር ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የዋጠውን ሁሉ በአንድ ቤት ላይ አወረደው። ጣራውን ሰደበ፤ አልጋውን ሰደበ፤ ጠጠሩን ሳይቀር ሰደበ።

«ሽንት ቤትም የለውም!» አለ ኳሱ ነገሩ ገብቶት። «ፖፖ ነው ያለው!»

ሊቀመንበር እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ልትችለው ሞከረች፣ አልቻለችም፣ ሳቋ አምልጧት ግቢውን ሞላው። ወዲያው ራሷ ደነገጠችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወደ መሬት ተመለከተች፣ ከሥር የሚመታ እንዳለ ሁሉ።

«ሳቂ» አለቻት እህቴ። «ከሥራችን አፈር ነው ያለው። አፈር መጥረጊያ የለውም። ሳቂ ልጄ።»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ተነሳችና ወንድሟን ጎትታ ሣሩ ላይ ሮጡ። መጀመሪያ በጣታቸው ነበር የሚሮጡት፤ ኋላ ረሱት። የጮኹት ጩኸት ኮረብታው ላይ ያለ ወፍ ሁሉ እንዲነሳ አደረገ። አስጎብኚው በረንዳው ላይ ወጥቶ አየና ምንም ሳይል ተመልሶ ገባ። ምርቃት ይግባው።

«እንግዲህ ምያለሁ» አለች እህቴ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ» አለ ቁልፌ።

«እናቴ ጋ እንገባለን። አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ ልጆቹ በዚያ በኩል ሆነው ይጩኹ።»

«እኔስ?»

«አንተ ደላላ አይደለህ? ለራስህ ፈልግ።»

እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ቅርጫቱን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ቁልፌ ግን ከሣሩ ተነሳ፣ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ደንበኛ ፊት እንደሚቆመው እጁን ከፊቱ አጣምሮ ቆመና ጎንበስ አለ።

«እመቤቴ፣» አላት፣ «የሚፈልጉት ምን ዓይነት ቤት ነው?»

ዳቦ ትወረውርበታለች ብዬ ጠበቅኩ። የሚቀልድበትን ፊቱን ግን ለዓመታት አውቀዋለሁ፣ ይህ እሱ አልነበረም። እህቴም ገባት። ሰውየው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የዋለበት ቀን የለም፤ መንገድ ላይ፣ ሻይ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ኖሯል። እሷን ግን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ልጆቹን አየች። ስንት ክፍል ልትል ይሆን፣ ጓሮ ልትል ይሆን ብዬ እኔም አብሬ ማሰብ ያዝኩ።

«ምስማር የምመታበት» አለች።

«ስንት ምስማር?» አለ ቁልፌ።

«አንድ ይበቃኛል። ለሠርጋችን ፎቶ።»

ፎቶው ከተጋቡ ጀምሮ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አልጋ ሥር ነው ያለው። አምስቱም አከራዮች ግድግዳችንን አትብሱ ብለዋቸው ነበር። ልጆቹ አይተውት አያውቁም።

ኳሱ እያለከለከ ውሃ ሊጠጣ መጥቶ ይህችን የመጨረሻዋን ሰምቶ ኖሯል። እናቱን አየ፣ አባቱን አየ።

«እናንተ ተጋብታችኋል እንዴ?» አለ።

«ቤቱ ሲገኝ ታያለህ» አለችው እህቴ፣ የውሃውን ኩባያ እያቀበለችው።